በልግ ሲያወላውል፦ የጓሮ አትክልት አተካከል በአዲስ አበባና በአካባቢው ደጋ

የካቲት ገባ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ደህና ዝናብ ይጥላል፤ በማግስቱ በየጓሮው ዶማ ይነሳል። ካሮት ይዘራል፣ የጎመን ችግኝ ተገዝቶ ይተከላል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል ይቀራል፤ ካሮቱ ሳይበቅል፣ ጎመኑ ሥር ሳይሰድ ያልቃል። የተረፈውን ሚያዝያ ላይ በረዶ ይወቅጠዋል። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ «የኛ አፈር አትክልት አይሆነውም» ብሎ ይተወዋል፤ አፈሩ ግን ምንም ጥፋት የለበትም።

በበልግ የሚተክል ሰው ሦስት ነገር በእጁ አለ፦ ችግኙ፣ አፈሩና ያጠራቀመው ውሃ። ዝናቡ በእጁ አይደለም። ስለዚህ መቼ እንደሚተከል የሚወሰነው ሰማይ አንጋጦ ሳይሆን አፈር ቆፍሮ ነው። ይህ ጽሑፍ ከ2,200 እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላሉ ጓሮዎች ነው፤ ለአዲስ አበባ፣ ለሰበታ፣ ለሆለታ፣ ለሱሉልታ፣ ለደብረ ብርሃን። ቢሾፍቱና አዳማ ሞቃት ስለሆኑ ቀኖቹ እዚያ ይለያሉ።

ዝናቡን መለካት

የበልግ ዝናብ ርጥበቱን የሚያገኘው በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ርጥቡን አየር ወደ ደጋው የሚስብ የአየር ሁኔታ ሲፈጠር ይዘንባል፤ ሲጠፋ ደግሞ ደረቅ አየር ቦታውን ይይዝና ሰማዩ ለሳምንታት ጥርት ይላል። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ መጋቢትና ሚያዝያ ግን በአማካይ ከ100 በታች ናቸው። እሱም ቢሆን ተከፋፍሎ ሳይሆን በጥቂት ቀናት ዶፍ ሆኖ የሚወርድ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የአሥር ቀን ትንበያ የትኛው ሳምንት ለመትከል እንደሚሻል ለመምረጥ ይጠቅማል። የእናንተ ጓሮ ስንት እንዳገኘ ግን ራሳችሁ ካልለካችሁ ማንም አይነግራችሁም፤ በልግ አንዱን ሰፈር አጥቦ ቀጣዩን ሳይነካ ያልፋልና።

መለኪያው ቀላል ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ከግድግዳና ከዛፍ ርቆ፣ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውስጡ ያለው ውሃ በተማሪ ማስመሪያ ይለካል፣ ይጻፋል፣ ይደፋል። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። በደረቅ ሰሞን ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የጣለ ዝናብ እንዳልዘነበ ይቆጠር፤ የላዩን ሁለት ሦስት ጣት አርሶ በማግስቱ ፀሐይ ይወስደዋል። ዓይን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ መደቡ ጠቁሮ ሲታይ ሥሩ ያለበት ቦታ ግን አቧራ ሊሆን ይችላል።

ለመትከል የሚበቃው በሦስት ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በድምሩ 20 ሚሊ ሜትር ሲጥል ነው። እሱም በመቆፈር ይረጋገጥ። 20 ሚሊ ሜትር ደረቅ የነበረ ለም ቀይ አፈርን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያርሳል፤ ዋልካን (የሚያጣብቀውን ጥቁር አፈር) ግን ከ10 እስከ 13 ቢያርስ ነው። በመኮትኮቻ 15 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አንድ እፍኝ አፈር አውጡና ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ገና ነው። ተጠቅልሎ ቆይቶ በአውራ ጣት ሲነካ ከፈረሰ ደርሷል። ከጣት ጋር ከተጣበቀ ወይም ላዩ ውሃ ካብለጨለጨ መደቡን አትንኩት፤ ቀይ አፈር አንድ ቀን፣ ዋልካ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቅ። ጭቃ ሆኖ የተቆፈረ ዋልካ ሲደርቅ ጓል ይሆናል፣ ያን ጓል ደግሞ እስከ ክረምቱ ድረስ የሚፈታው የለም።

20 ሚሊ ሜትሩ መጥቶ እንኳን ቀጥሎ የሚመጣው ደረቅ ጊዜ ስንት ቀን እንደሚሆን አይታወቅም። ለአሥር ቀን የሚሆን ውሃ በበርሜል ያለው ሰው መትከል ይችላል። ምንም ያላጠራቀመ ሰው ሁለተኛውን ዝናብ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ውሃው ስንት ይበቃል

1.2 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ መደብ 5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ያደገ አትክልት በበልግ ፀሐይ በቀን በካሬ ሜትር 4 ሊትር ያህል ይጠጣል። በየሦስት ቀኑ ለመደቡ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ብትሰጡ ይበቃዋል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል እንግዲህ አንድ መደብ ዘጠኝ አሥር ቀን ያሻግራል ማለት ነው። አዲስ ለተተከለ ችግኝ ግን በየሁለት ቀኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ሥሩ ላይ ማፍሰስ በቂ ነው፤ ለሠላሳ ችግኝ አንድ ጄሪካን አይሞላም።

በርሜሉን የሚሞላው የቆርቆሮ ጣሪያችሁ ነው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ የሚባክነውን አምስተኛ ቀንሰን፣ 240 ሊትር ይገኛል። አሸንዳው ከጥር በፊት ይጠረግ፣ የተቀደደው ይደፈን። የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ያን ውሃ ሰላጣ ቅጠል ላይ አታርከፍክፉት፤ ሥሩ ላይ ግን ችግር የለውም።

ችግኙ ቀድሞ ይዘጋጅ

ዝናቡ እስኪመጣ ተጠብቆ ዘር ቢዘራ ሌላ አንድ ወር ይሄዳል፤ በልግ ደግሞ የሚባክን ወር የለውም። ችግኙ በትንሽ ቦታ፣ በእጅ በሚጠጣ መደብ ላይ አስቀድሞ ይፈላል፤ ዝናቡ ሲገባ የሚተከለው የደረሰው ነው። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ችግኝ ማፍያ ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ በወንፊት ይነፋ። መስመሮቹ በ10 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ ዘሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበር፣ ላዩ ደረቅ ሣር ይልበስ። ጎመንና ጥቅል ጎመን በአራት እስከ ስድስት ቀን ይበቅላሉ፤ ቃሪያ በቀዝቃዛው የጥር አየር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ብቅ ሲሉ ሣሩ ይነሳና ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ዘመም ያለ ዳስ ይሠራ። ዳሱ የቀትሩን ፀሐይ ይመልሳል፣ ድንገተኛ በረዶ ቢጥልም ችግኙን ያድናል።

ቲማቲምና ቃሪያ ጥር አጋማሽ ላይ ይዘሩ፤ ቲማቲም ከአራት እስከ አምስት ሳምንት፣ ቃሪያ ከሰባት እስከ ስምንት ሳምንት ማፍያው ላይ ይቆያል። ጎመንና ጥቅል ጎመን ጥር መጨረሻ ላይ ይጀመራሉ። ሰላጣ የካቲት ላይ ይጀመርና በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዘራል። ቀይ ሽንኩርትን ለጭንቅላቱ ብሎ በበልግ መትከል ለአዲስ አበባ አንመክርም፤ ከተተከለ በኋላ አራት ወር ስለሚፈልግ ጭንቅላቱ የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ መድረቂያ ፀሐይ አያገኝም፣ አንገቱ ይበሰብሳል። ለቅጠሉ ከሆነ ግን ይሁን። በእሱ ቦታ ባሮ ሽንኩርት ይሻላል፤ ድርቁንም ዝናቡንም ይችላል።

ችግኝ ማፍያ ላይ በብዛት የሚገጥመው ችግር ትናንት ቆሞ የነበረ ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ ጋር በተገናኘበት ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ተጋድሞ መገኘቱ ነው። ይህ የሻጋታ በሽታ ነው፤ ዘር በጣም ተጠቅጥቆ ሲዘራ፣ ማታ ማታ ውሃ ሲጠጣና አፈሩ በቀዝቃዛ ሌሊት ርጥብ ሆኖ ሲያድር ይመጣል። ማታ ማጠጣቱን አቁሙ፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ፤ ችግኞቹን በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር አሳሱ፤ የታመሙትን ከነአፈራቸው አውጡና ቦታው ላይ ደረቅ አሸዋ ነስንሱ፤ ዳሱን ከፍ አድርጋችሁ አየር ይግባ። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ አፈር ለማፍያ አትጠቀሙበት።

ሁሉንም ዘር ባንድ ቀን አትዝሩ። ለሦስት ተከፍሎ በየአሥር እስከ አሥራ አራት ቀኑ ቢዘራ፣ የመጀመሪያውን ድርቅ ወይም በረዶ ቢወስደው ሁለተኛው ማፍያው ላይ ተቀምጧል። በበልግ ከዚህ የሚበልጥ መድን የለም፤ ዋጋውም ጥቂት ግራም ዘር ነው።

ዝናቡ ቢዘገይስ? ሁሉም ችግኝ እኩል አይታገሥም። ባሮ ሽንኩርት ቅጠሉ አንድ ሦስተኛ ቢከረከም ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። የሀበሻ ጎመን የታችኛው ቅጠሉ እየተለቀመ እስከ ሰባት ሳምንት ይጠብቃል። ቲማቲም ቢረዝም አያሳስብም፤ ሲተከል እስከ ታችኛው ቅጠሉ ድረስ ይቀበርና ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ግን ማፍያ ላይ ከስድስት ሳምንት በላይ ከተጨነቁ በኋላ ቢተከሉ የሚሰጡት ጭንቅላት የቡጢ ያህል ነው። ሰላጣም ካረጀ ወዲያው ያብባል። እነዚህን ከማቆየት እንደገና መዝራት ይሻላል። ምንም ሆነ ምን ችግኙን ለማዘግየት ብላችሁ ውሃ አትከልክሉት፤ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ይበቃል።

መደቡ ለሁለቱም ጠባይ ይሠራ

በልግ በአንድ ወር ውስጥ ድርቅም ጎርፍም ያመጣል፤ መደቡም ሁለቱን መቻል አለበት። በክረምት እንደምናደርገው ከፍ ያለ መደብ በየካቲት ከተሠራ ከየጎኑ ይደርቃል። ጠፍጣፋ ይሁን፤ ዙሪያውን 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ይኑረው፣ የጣለው ዝናብ እዚያው እንዲሰርግ። በታችኛው ጫፍ ላይ በአንድ ዶማ ጎን ስፋት በር ክፈቱለትና በአፈር ድፈኑት። ዶፍ ሲመጣ ያቺ በር በመኮትኮቻ ትከፈታለች፣ ሲያባራ ትዘጋለች። ዋልካ ላይ ይህች በር ከማዳበሪያ በላይ ትጠቅማለች፤ ውሃ ተኝቶበት ያደረ የቃሪያ ሥር አየር አጥቶ ይሞታልና።

ኮምፖስት ለሁለት ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ተበትኖ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይደባለቅ። ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ፤ ድርቅ ሲመጣ ችግኙን ያቃጥላል፣ ካሮትን ደግሞ ያቀንደዋል (ሥሩን ሁለት ሦስት ቦታ ይከፍለዋል)።

የተከላው ቀን

ከመትከሉ ሰባት እስከ አሥር ቀን በፊት የማፍያው ዳስ ቀስ በቀስ ይነሳ፣ መጀመሪያ ጠዋት ብቻ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ፤ ውሃውም ይቀነስ። በጥላ ያደገ ለስላሳ ችግኝ በቀጥታ ወደ በልግ ፀሐይ ከወጣ በሁለት ቀን ቅጠሉ ነጭ ይሆናል።

የሚተከለው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም በደመናማ ቀን ነው። ማፍያው ከመትከሉ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ በደንብ ይጠጣ፣ ችግኙ ከነአፈሩ ይነሳ። ጉድጓዱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ውሃ ይፍሰስና ሲሰርግ ችግኙ ይግባ፣ አፈሩ በጣት ጠበቅ ይደረግ፤ ቅጠሉን በቀስታ ሳብ ስታደርጉት ችግኙ ከተነቀለ አልጠበቀም። ውሃ ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀድሞ ማፍሰስ ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል፣ ላዩም አይጋገርም። ጎመን በመስመሮች መካከል 50፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቅ፤ ጥቅል ጎመን 60 በ40፤ ቆስጣ 40 በ30፤ ሰላጣ 30 በ30፤ ቲማቲም 100 በ30። በርጥቡ ወር ቅጠሉ አየር ስለሚያስፈልገው ከዚህ አታጥብቡ። ለመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት በየችግኙ ምዕራብ በኩል ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ሰክታችሁ ከከሰዓት ፀሐይ ጋርዱት።

ካላችሁ ችግኝ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ትከሉ። ቀሪው ማፍያው ላይ ይቆይ፤ ቆራጭ ትል በሌሊት የሚጥለው፣ በረዶ የሚሰብረው የሚተካው ከእሱ ነው።

ካሮት፦ በልግ በጣም የሚጎዳው

ካሮት ችግኝ ሆኖ አይዛወርም፤ ከተዛወረ ሥሩ ይቀንዳል። ስለዚህ በቀጥታ ይዘራል፤ ለመብቀል ደግሞ ከአሥር እስከ ሃያ ቀን ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የላይኛው አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር አንድ ከሰዓት እንኳን ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ የነቃው ዘር ይሞታል። በልግ በሃያ ቀን ውስጥ የማይደርቅበት ዓመት ብርቅ ነው። ሰው «ዘሩ መጥፎ ነበር» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

መስመሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይወጣል። ዘሩ ከመግባቱ በፊት መስመሩ ራሱ በማጠጫ ሁለት ጊዜ ይረስርስ። ለ5 ካሬ ሜትር 3 ግራም ያህል ዘር ከአራት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይነስነስ፤ አሸዋው ዘሩን ይበትናል፣ የት እንደደረሳችሁም ያሳያል። የሚሸፈነው በመደቡ አፈር ሳይሆን በወንፊት በተነፋ ኮምፖስትና አሸዋ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዶፍ የመታው ዋልካ ወይም ቀይ አፈር ፀሐይ ሲያየው ላዩ ይጋገራል፤ የካሮት ቡቃያ ከክር ስለማይወፍር ያን ቅርፊት መስበር አይችልም። ከቅርፊቱ ሥር ቢጫ ሆኖ ተጠማዝዞ ይቀራል። ኮምፖስትና አሸዋ አይጋገሩም።

ከዚያ በሳንቃ ጀርባ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ርጥብ ጆንያ ይልበስ፤ ጆንያው ጠዋትና ማታ ይርከፍከፍ። ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ በየማታው አንዱን ጫፍ ገልጣችሁ እዩ። የመጀመሪያዎቹ ነጫጭ አንገቶች እንደታዩ ያን ዕለት ማታ ጆንያው ይነሳ። ሁለት ቀን ከዘገየ ቡቃያው ጆንያውን ሰፍቶት ይወጣና ሲነሳ ይበጠሳል። ጠዋት ማንሳትም አይገባም፤ በጨለማ የቆየ ቡቃያ የቀትሩን ፀሐይ አይችልም።

ጆንያው ተነስቶ ዶፍ ቢመታውና ላዩ ቢጋገር አትጫሩት። ጠዋትና ማታ ለስላሳ ውሃ እየተርከፈከፈ ቅርፊቱ ይለስልስ። በሃያ አንደኛው ቀን ግማሹ ካልበቀለ ክፍቱን ቦታ በቀይ ሥር ሙሉት፤ ዘሩን አሥራ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ዝሩት፣ ከካሮት ይልቅ ይቅር ባይ ነው። የበቀለው ካሮት ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ በ5 ሴንቲ ሜትር ይሳሳ።

ዝናቡ ሲቋረጥ

ውሃው ለሁሉም ካልበቃ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። በመብቀል ላይ ያለ ዘርና በአሥር ቀን ውስጥ የተተከለ ችግኝ መጀመሪያ ይጠጣሉ፤ ቀጥሎ ጭንቅላት እየቋጠረ ያለ ጥቅል ጎመን፣ እያበበ ያለ ቲማቲምና ድንች ናቸው። ያደገ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ሳምንት ቢቆዩ ቅጠላቸው ይጠነክራል እንጂ አይሞቱም።

በየቀኑ ጥቂት ከማርከፍከፍ በየሦስት ቀኑ አጥብቆ ማጠጣት ይሻላል፤ ላዩን ብቻ የሚረጥብ አፈር ሥሩን ወደ ላይ ያመጣዋል፣ ቀጣዩ ድርቅ ደግሞ ያን ሥር ይጠብሰዋል። ካጠጣችሁ በማግስቱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ኮትኩቱ፤ ዋልካ ሲሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ይወጣል፣ ኩትኳቶው ይዘጋዋል። ከዚያ ጉዝጓዝ ይልበስ፦ የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከግንዱ አራት ጣት ያህል ርቆ። ጉዝጓዝ የሚለብሰው አፈሩ ከራሰ በኋላ ነው፤ በደረቅ አፈር ላይ ከለበሰ ካፊያውን ራሱ ይጠጣውና ለሥሩ አይደርስም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አትጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ነገር ዘር እንዳይበቅልና ችግኝ እንዳያድግ ያግዳል። ዩሪያም በደረቅ አፈር ላይ አይበተንም፤ ከተተከለ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዝናብ ሲጥል፣ በካሬ ሜትር 10 ግራም ከግንዱ 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቀበር።

ድርቁ ይዞት የሚመጣው ሌላ ጣጣ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ነው። የጎመኑን ቅጠል በሳምንት ሁለት ጊዜ ገልብጣችሁ እዩ፤ ሲጀምር ጥቂት ግራጫ ነጥብ ነው። ያኔ በጣት መጨፍለቅ ይበቃል። ከተስፋፋ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ደባልቃችሁ ከ11 ሰዓት በኋላ የቅጠሉን ጀርባ እርጩ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠሉን ያቃጥላል።

ከረጅም ድርቅ በኋላ ድንገት ዶፍ ሲመጣ የደረሰ ጥቅል ጎመን ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ከላዩ ፈጥኖ ስለሚያድግ ነው። ደመናው ሲከማች የደረሰውን ቁረጡ፤ ሊደርስ የቀረበውን ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ በአንድ ጎን በአካፋ ሥሩን ቁረጡት፣ የሚጠጣው ይቀንሳል።

በረዶ ሲጥል

የበልግ በረዶ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ጠዋቱ ፀሐይ ሆኖ ደመናው ከቀትር በኋላ ወደ ላይ ሲቆለል ይመጣል። መከላከያው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ሲጀምር የሚደረስበት አይደለም። ለ1.2 ሜትር መደብ 2.2 ሜትር ርዝመት ያለው የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም የኤሌክትሪክ ላስቲክ ቱቦ ጎብጦ ሁለቱ ጫፎቹ 15 ሴንቲ ሜትር ይቀበራሉ፤ መሐሉ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ይኖረዋል። በየሜትሩ አንድ፣ ለ4 ሜትር መደብ አምስት። ከላይ የጥላ መረብ፣ ካልተገኘ ተቀድደው የተሰፉ ስምንት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎች ይለበሳሉ፣ ጎንና ጎኑ በድንጋይ ይያዛል። ጉብጠቱ ግድ ነው፤ ጠፍጣፋ ሽፋን ላይ በረዶው ይከማችና ከነሽፋኑ በተክሉ ላይ ይወድቃል። ጆንያው ብርሃን ስለሚከለክል ደመናው ሲቆለል ብቻ ይልበስ፣ ሲያባራ ይነሳ።

ሳይሸፈን ቢመታስ? ያን ዕለት የመደቡን በር ክፈቱ፣ በቅጠሉ ላይ የተከመረውን በረዶ በእጅ አራግፉ፣ መደቡን አትርገጡ። ሲጠፍፍ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ የተንጠለጠለውን ቅጠል በንጹሕ ቢላ ቁረጡ፤ የተበሳውን ግን ተዉት፣ እየሠራ ነው። ላዩ የተጋገረውን በስሱ ኮትኩቱ። ከዚያ ልቡን እዩ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር መሐከላቸው ላይ ያለው ትንሹ ቅጠል ከተረፈ በአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ያገግማሉ። የተሰበረ ቲማቲም ከጤነኛ ቅጠል በላይ ይቆረጥና ከጎኑ ከሚያወጣው አንዱ ብቻ እንዲያድግ ይተው። ድንች ከሥር እንደገና ያበቅላል። ልቡ የተሰበረ ጥቅል ጎመን ግን አራት አምስት ትናንሽ ጭንቅላት እንጂ አንድ ደህና አይሰጥም፤ ንቀሉትና ያስቀራችሁትን ችግኝ ተኩበት። ከሱ በቀር ሳምንት ሳይሞላ ምንም አትንቀሉ፤ በማግስቱ የሞተ የሚመስለው ብዙ ነው።

ውርጭ ለሚያገኛቸው

ደብረ ብርሃንና ሱሉልታ አካባቢ፣ በተለይ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያሉ ጓሮዎች፣ ውርጭ እስከ የካቲት ሊዘልቅባቸው ይችላል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ያረፈበት ምሽት ምልክቱ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያና ዱባ አይችሉትም፤ እዚያ ከመጋቢት አጋማሽ በፊት ውጭ አይውጡ። ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይችላሉ። መደቡ ቀትር ላይ ይጠጣ፣ ርጥብ አፈር ሙቀት ይዞ ያድራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ ይሸፈን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነሳ። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካው የነካበት ቦታ ይቃጠላል።

ድንችና ቲማቲም ከክረምቱ ጋር ይሽቀዳደማሉ

የደጋ ገበሬዎች ድንችን በበልግ የሚተክሉት የክረምቱን ዋግ ለማምለጥ ነው። በለጠና ጉደኔ የተባሉት የድንች ዝርያዎች ዋግን የተሻለ ይቋቋማሉ። የዕንቁላል ያህል ዘር፣ በደብዛዛ ብርሃን ተደርድሮ ጎንቁሎ ቡቃያው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የካቲት ላይ 75 በ30 ተራርቆ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይቀበራል። ድንች የራሱን ስንቅ ይዞ ስለሚቀበር የአንድ ሳምንት ድርቅ አይጥለውም። 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግንዱ በአፈር ይታቀፍ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የቅጠሉ ጠርዝ ውሃ የነካው መስሎ ሲጠቁርና ጠዋት ጀርባው ላይ ነጭ ሻጋታ ሲታይ ዋግ ገብቷል። የተጠቃው ብዙ ከሆነ አገዳውን ሙሉ በሙሉ አጭዳችሁ ከመደቡ አውጡ፣ ድንቹን ግን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን መሬት ውስጥ ተዉት፤ ወዲያው ከተቆፈረ በሽታው ከቅጠሉ ወደ ድንቹ ይጋባል፣ ጎተራ ውስጥም ይበሰብሳል።

ቲማቲም ያው በሽታ ይይዘዋል፤ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ደግሞ ለመብሰል ከተተከለ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል። መጋቢት መጀመሪያ ካልተተከለ ፍሬው ሳይቀላ ክረምት ይደርስበታል። ከላይ የፕላስቲክ ጣሪያ፣ ከጎን ክፍት፣ ውሃው ሥሩ ላይ ብቻ፤ እንዲህ ካልሆነ ቦታውን ለቆስጣ መልቀቅ ይሻላል።

ሰኔ ሲገባ የመደቡ ሥራ ይገለበጣል። ዙሪያው ያለው ጠርዝ ይፈርስና ወደ መሐል ይከመራል፣ በመደቦቹ መካከል ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፣ ጉዝጓዙ ተነስቶ ወደ ኮምፖስቱ ይገባል፤ በርጥብ ወር ለቀንድ አውጣ መደበቂያ ይሆናልና። ለክረምት የሚሆነው የጎመን ዘር ማፍያው ላይ መግባት ያለበት ከዚህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።